ሰርተፍኬት ኮሚቴ አያቋቁምም

የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ፣ ማለትም በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት ተሳታፊዎቹን እንዳይጎዳ የሚመረምርና የሚያጸድቅ ኮሚቴ፣ ጸሐፊ ሆኜ ዓመታት አሳልፌያለሁ። በዚህ ሥራ ጥርስ የሚያስነክሱኝ አባባሎች አሉ፤ ከቀላሎቹ ልጀምር።

«ግምገማ ምርምርን ያጓትታል።» በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚጓተተው አባሪው ጎድሎ የሚመጣ የጥናት ዕቅድ (ፕሮፖዛል) ነው። አሟልታችሁ አስገቡ።

«ተሳታፊዋ የስምምነት ቅጹን ፈርማለች፤ ስለዚህ ተስማምታለች።» ፊርማው የሚያሳየው መፈረሟን ብቻ ነው።

«መጠይቅ ብቻ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።» አንዲትን ሴት ባሏ ከጓዳ ሆኖ እየሰማ ስለሚደርስባት ድብደባ ጠይቋትና ጉዳቱን ማታ እርሷ ታየዋለች።

«ግምገማ ለክፉ ተመራማሪ ነው፤ እኛ ሰው ለመርዳት ነው የምንሠራው።» በአሜሪካ ቱስኬጊ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1932 እስከ 1972 በተካሄደው ጥናት ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች የበሽታቸው ሂደት ሲጠና ኖረ። ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። ነገሩ ደግሞ ምስጢር አልነበረም፤ ውጤቱ በሕክምና መጽሔቶች ይታተም ነበር። እነዚያ ሐኪሞችም ክፉ ነን ብለው አያስቡም ነበር።

«አባላቱ ሁሉ ሐኪሞች ይሁኑ።» በአንድ ስብሰባችን የስምምነት ቅጹ «10 ሚሊ ሊትር የደም ናሙና ይወሰዳል» ይላል። እኛ ባለሙያዎቹ ገልብጠን አለፍነው። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ግን እጃቸውን አውጥተው «ይህ ስንት ማንኪያ ነው?» አሉ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው። ደሜን ሊጨርሱት ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቅጹ ተስተካከለ።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ሠልጥነናል እኮ፤ አቅም ተገንብቷል።» ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር ስለወጡት ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መመሪያዎች፣ ስለ ኑረምበርግ ደንብና ስለ ሄልሲንኪ መግለጫ፣ ይወራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፤ ሪፖርቱ ላይም «ኮሚቴው ተጠናክሯል» ተብሎ ይጻፋል። የተጠናከረው የተሳታፊዎቹ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው።

አንዴ ስሙን የማልጠቅሰው ተቋም ውስጥ እንዲህ ያለ ኮሚቴ እንድጎበኝ ተጠየቅሁ። የአባላቱ ሰርተፍኬት ግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅሏል። ያጸደቋቸውን ጥናቶች አሳዩኝ ብል መዝገቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ሰብሳቢው ጋር ነው፤ ሰብሳቢው ለትምህርት ውጭ አገር ከሄዱ ወራት አልፏል። ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ ፖስታ አየሁ። አስከፈትኩት። በጥናቱ ከሚሳተፉት አንዱ መድኃኒቱን ወስዶ ሆስፒታል መተኛቱን የሚገልጽ የተመራማሪው ሪፖርት ነበር። ጥናቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን መወሰን ያለበት ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤ አሟልቶ ከተቀመጠ ቆይቷል። ሁሉም ግን ሠልጥነዋል!

ስለዚህ ገንዘብ ያላችሁ ሰዎች፣ ከሁሉ በፊት አንድ ጸሐፊ ቅጠሩ፤ ደመወዝ የሚከፈለውና ሥራው ይህ ብቻ የሆነ። መዝገቡ በአንድ ሰው ቁልፍ ሥር አይሁን። ሰብሳቢው ሲለቅ የሚተካው ሰው ከወዲሁ አብሮ ይቀመጥ። የአባላቱ የንባብ ሰዓት ከመደበኛ ሥራቸው ላይ ይቀነስላቸው፤ ሌሊት እያንቀላፉ የሚያነቡት ፕሮፖዛል አልተነበበም። ኮሚቴው ካጸደቀ በኋላ ወደ ጥናቱ ቦታ ወርዶ የሚያይበት መኪናና አበል ይኑረው። የተቋሙ ኃላፊ ራሱ ያቀረበው ጥናት ውድቅ ሲሆን አባላቱን ማባረር እንደማይችልም በጽሑፍ ይቀመጥ። ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ እኔም መጥቼ አስተምራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ኃላፊ ሥልጠና ስጡን ብለው ደወሉልኝ። ጸሐፊያችሁ ማን ነው አልኳቸው። «እርሱን በኋላ እናስብበታለን፤ ለጊዜው ስንት ሰው እንላክ?» አሉኝ።