ከችሎት መልስ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር የብዙ ሰው ዐይን ያረፈበት የወንጀል ክስ በተሰማ ቁጥር፣ ከችሎቱ በር ተነሥቶ ፒያሳ ቡና ቤቶች የሚደርሰው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማስረጃው ሳይሆን ስለ ተከሳሹ ሁኔታ ነው። አቀርቅሮ ነበር፣ ፈገግ ብሏል፣ እንባ አልወጣውም፣ ዳኛውን ተመናጨቀ፣ ካቴናው ተፈታለት ይባላል። በጥብቅና ሥራ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ችሎቶች በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ይህ ወሬ ገና ያልተፈረደበትን ሰው ቤተሰብ ከዕድርና ከለቅሶ ሲያርቅ፣ ምስክርን ሲያሸማቅቅ፣ የሟችን ወገን ደግሞ «ፍርዱ ተሸጠ» አሰኝቶ ወደ ቂም ሲመልሰው አይቻለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አመለካከቶች አንሥቼ፣ ሕጉ ከሚለውና በችሎት ውስጥ በእርግጥ ከሚሆነው ጋር ላስተያያቸው እወዳለሁ።

«ጥፋተኛ መሆኑ ከፊቱ ያስታውቃል»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደውና ከሁሉም በላይ የሚጎዳው አመለካከት ይህ ነው። በእኛ ገጠር ያደገ ሰው በትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ያደገድጋል፣ ዐይኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ሲናገርም አፉን በጋቢው ጫፍ ሸፈን ያደርጋል፤ ይህን ያስተማሩት ወላጆቹ ናቸው። ከደንቢያ ወይም ከበለሳ የመጣ ገበሬ ይህንኑ አክብሮት በዳኛ ፊት ሲያሳይ ግን፣ ከኋላ የተቀመጠው ታዳሚ «ዐይኑን ሰበረ፤ በደሉ ከብዶት ነው» ይላል። ቀና ብሎ ዳኛውን እያየ የሚመልስ ተከሳሽ ሲቀርብ ደግሞ ያው ታዳሚ «ዐይን አውጣ» ይለዋል። አቀርቅሮም ቀና ብሎም ጥፋተኛ የሚባል ሰው ምን ዓይነት ፊት ይዞ ቢቆም ንጹሕ እንደሚመስል ሊነግረኝ የቻለ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

የሰውን ሁኔታ አይቶ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት የሚመስለንን ያህል ቀላል አይደለም። ቻርልስ ቦንድ እና ቤላ ዴፓውሎ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የሰጡትን ግምት ከብዙ ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰዎች ውሸትንና እውነትን በትክክል የለዩት በአማካይ 54 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም የማይሻል ውጤት ነው።

እኔ ራሴ የማልረሳው አንድ የክረምት ቀን አለ። በነፍስ ግድያ ተከሰው የቆምኩላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው የምስክሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፁ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር አያልፍም። የሟች እኅት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ስትንሰቀሰቅ፣ አዛውንቱ ወደ ዳኞቹ እያዩ ፈገግ አሉ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ አጉረመረመ። በዕረፍቱ ሰዓት «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከምስክሩ ቃል አንዲቱም እንዳልተሰማቻቸው፣ የመሐል ዳኛው ቀና ብሎ ሲያያቸው የጠየቃቸው ነገር ያለ ስለመሰላቸው በአክብሮት ፈገግ እንዳሉ ነገሩኝ። ስንመለስ ይህንኑ ለችሎቱ አመለከትሁ፤ ቃሉ በድጋሚ ተነበበላቸው፣ ወንበራቸውም ወደ ፊት ቀረበ። በማግስቱ ገበያ ላይ ይወራ የነበረው ግን ፈገግታቸው ብቻ ነበር።

መስማት ብቻ ሳይሆን ቋንቋም አለ። በመተማና በቋራ በኩል ጉምዝኛ የሚናገሩ ወገኖቻችን አሉ። አማርኛው በቅጡ የማይገባው ተከሳሽ ለተጠየቀው ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅ «አመነ» ተብሎ ይወራበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጎምለት የደነገገው ለዚሁ ነው። አስተርጓሚው እስኪገኝ የሚሰጥ ቀጠሮ ካለ፣ ለተከሳሹ የተደረገ ውለታ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ፊትና አነጋገር ላይ ማተኮራችን ግን ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በቀድሞው ሥርዓት ሙግት በአደባባይ የሚታይ ጥበብ ነበር፤ ጎንደር ውስጥ አደባባይ ኢየሱስና አደባባይ ተክለ ሃይማኖት ስማቸውን ይዘው የቆሙት በቤተ መንግሥቱ ደጅ ከነበረው አደባባይ ነው። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ቆሞ ለዳኝነት ይሄዳል፣ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ይታሰራሉ፣ በበላ ልበልሃ ሙግት አንደበቱ የተባ፣ አቋቋሙ ያማረና በተጠየቅ የረታ ሰው ይወደስ ነበር። ያ ሥርዓት የራሱ ክብር አለው፤ አባቶቻችን ያለ ደም መፋሰስ የሚካሰሱበት መንገድ ስለ ነበር በአክብሮት አነሣዋለሁ። የዛሬው የወንጀል ችሎት ግን የሚመዝነው የምስክር ቃልን፣ ሰነድንና የባለሙያ ማስረጃን ነው። በብዙ ችሎቶቻችን ዳኛው ምስክሩን «ቀስ በል» እያለ ቃሉን በእጁ ይጽፋል፤ አብዛኛውን ሰዓት ዐይኑ ያለው በወረቀቱ ላይ ነው።

«ዝም ያለ አምኗል፣ ‹አልፈጸምኩም› ያለ ክዷል»

ክሱ ተነቦ ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በሕዝብ ዘንድ ትርጉሙ እጅግ ይዛባል። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 133፣ ተከሳሹ ምንም መልስ ካልሰጠ ወይም ክሱን ሙሉ በሙሉ ካላመነ ጥፋተኛ አይደለሁም እንዳለ ተቆጥሮ እንዲመዘገብ ያዛል። ዝምታው በሕግ ፊት የሚሰጠው ውጤት ሕዝቡ ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ አሠራር አለ፤ የቀድሞው የዩጎዝላቪያ መሪ ስሎቦዳን ሚሎሶቪች እ.ኤ.አ. በ2001 ሄግ ላይ ለቀረበበት ክስ መልስ አልሰጥም ባለ ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አይደለሁም እንዳለ ቆጥሮ መዝግቦለታል።

«አልፈጸምኩም» ማለትም በራሱ ውሸት አይደለም። ትርጉሙ «ከሳሼ ያስረዳ» ማለት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ተከሳሽ እንደ ንጹሕ የመቆጠርና በራሱ ላይ ምስክር ሆኖ እንዲቀርብ ያለመገደድ መብት ሰጥቶታል። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ችሎቱ ክሱ አልተረዳም ብሎ ካመነ፣ በአንቀጽ 141 መሠረት ተከሳሹን መከላከያ ሳይጠይቅ በነፃ ያሰናብተዋል። እንዲህ ያለ ብይን የተሰጠበት ቀን «ሳይናገር ለቀቁት» ይባላል፤ መናገር የነበረበት ግን ከሳሹ ነበር። ተከሳሹ ተከላከል ተብሎ ቃሉን መስጠት ቢመርጥ እንኳ፣ በሰጠው ቃል ላይ ዐቃቤ ሕግ መስቀለኛ ጥያቄ አያቀርብለትም፤ ግልጽ ያልሆነውን ለማጣራት መጠየቅ የሚችለው ችሎቱ ነው።

«ካቴናው የተፈታለት ዘመድ ስላለው ነው»

የማረሚያ ቤት ፖሊስ በበሩ ላይ ካቴናውን ሲፈታና ተከሳሹ የእጁን አንጓ እያሻሸ ሲገባ ማየት፣ ለሟች ቤተሰብ እጅግ የሚከብድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 127 ተከሳሽ በሚገባ እንዲጠበቅ፣ ነገር ግን አደገኛ ነው፣ ሁከት ያነሣል ወይም ያመልጣል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ከሌለ በስተቀር ሳይታሰር እንዲቀርብ ይደነግጋል። ካቴናው የሚፈታው ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር ተማክሮ፣ ማስታወሻ ይዞ፣ ሳይሸማቀቅ ራሱን እንዲከላከል ነው። ባለ ሥልጣንም ሆነ የቀን ሠራተኛ፣ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ በተግባር ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው የተነፈገ እንደሆነ ግን ያ እውነተኛ ቅሬታ ነው፣ ጠበቃውም ለችሎቱ ሊያመለክት ይገባዋል።

«ችሎት የረበሸ ተከሳሽ በዚያው ይፈረድበታል»

ችሎት መድፈር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 449 በችሎት ላይ ዳኛን የሰደበ፣ ያፌዘ፣ የዛተ ወይም ሥራውን ያወከ ሰው እስከ 1 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 3,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ችሎቱም ጉዳዩን ወዲያውኑ አይቶ ይወስናል። ቅጣቱ ግን ለዚያ ድርጊት ብቻ ነው። ዳኛን የሰደበ ሰው ሰደበ እንጂ ገደለ አይባልም፤ ዋናው ክስ እንደ ቀድሞው በማስረጃ መረጋገጥ አለበት።

ለዚህ የቀድሞው የኢራቅ መሪ የሳዳም ሁሴን የፍርድ ሂደት ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 2005 ባግዳድ ላይ ችሎቱ ሲከፈት ሳዳም ስሙን እንኳ ለመናገር እምቢ አለ፤ ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀጠሮዎች በጩኸት፣ ችሎት ረግጦ በመውጣትና በክርክር የተሞሉ ነበሩ። የመጀመሪያው የመሐል ዳኛ ሪዝጋር አሚን ተከሳሾቹን ታገሥህ ተብሎ ከተወቀሰ በኋላ ሥራውን ለቀቀ፤ የተካው ረዑፍ አብዱልራህማን የሳዳምን ወንድም ባርዛንን ከችሎት አስወጣው። ዓለም በቴሌቪዥን ያየውና እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ይህን ግብግብ ነው፤ ክርክሩ ግን የዱጃይል ከተማ ሰዎች በሰጡት ምስክርነትና የ148 ሰዎችን ሞት በሚመለከቱ የተፈረሙ ሰነዶች ላይ ያተኮረ ነበር።

«ቀጠሮ የሚበዛው ጉዳዩ ስለ ተሸጠ ነው»

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያለ በቂ ምክንያት የሚሰጥ ቀጠሮ አለ፣ ሕዝቡም የመጠርጠር መብት አለው። ነገር ግን ብዙዎቹ ቀጠሮዎች በሩ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው የማይታዩ ምክንያቶች አሏቸው። ምስክሩ ወንዙ ሞልቶበት ይቀራል፤ ከማረሚያ ቤት ተከሳሾችን የምታመጣው መኪና ትበላሻለች፤ የሐኪም ማስረጃ አልደረሰም ይባላል፤ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ተዛውሮ ችሎቱ ሳይሟላ ይቀራል። ተከሳሹ በብዛት ሲሆንና ድርጊቱ የቆየ ሲሆን ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። በቀይ ሽብር ብዙ ልጆቿን ያጣችው ጎንደር በጉጉት የጠበቀችው የደርግ ባለ ሥልጣናት የፍርድ ሂደት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ ለእናቶች ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም፤ ያለ ፍርድ የተፈጸመን በደል በፍርድ ለመዳኘት ግን እያንዳንዱ ምስክር መሰማት ነበረበት።

ያው ጉዳይ ሌላ ስሕተትም ያርማል። «ተከሳሹ ከጠፋ ክሱ ይሞታል» የሚሉ አሉ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን ዚምባብዌ ተቀምጠው በሌሉበት ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። በጥር 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ከተወሰነ በኋላ፣ በዐቃቤ ሕግ ይግባኝ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ቅጣት ለውጦታል። በሌሉበት መዳኘት ግን ለከባድ ወንጀሎች የተወሰነና መጥሪያን በአግባቡ ማድረስን የሚጠይቅ ሥርዓት ነው።

«ግልጽ ችሎት ስለሆነ እንደ ልባችን እንሁን»

ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የሚዘጋው ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን የሞራል ሁኔታ ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ታዳሚ ተመልካች እንጂ ተከራካሪ አይደለም። አንዲት የመደፈር ወንጀል ምስክር ቃሏን በምትሰጥበት ሰዓት አንድ ወጣት ከኋላ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሊቀርጻት ሲሞክር፣ ልጅቷ አንገቷን አዙራ አየችውና ከዚያ በኋላ ያለው ቃሏ ሁሉ «አላስታውስም» ሆነ። ችሎቱ ወጣቱን አስወጣው፤ የቀረውም ቃል በዝግ እንዲሰማ ታዘዘ፤ የልጅቷ ድምፅ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

«ቢያለቅስ ይቀልለት ነበር»

ጸጸት በሕግ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ ነው። ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ የቅጣት አስተያየት ሲያቀርቡ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን ከማቅለያዎቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሚታየውም በተግባር ነው፤ ጉዳት የደረሰበትን ለመካስ መሞከር፣ ራስን ለፖሊስ መስጠት፣ ከመጀመሪያው ማመን እንደ ማሳያ ይቀርባሉ። ከዚያ በፊት ያለቀሰ ተከሳሽ ልጆቹን አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ያላለቀሰውም እስር ቤት እንቅልፍ አጥቶ ፈዝዞ ሊሆን ይችላል። ይግባኝ ሲጠየቅ ወደ ላይኛው ችሎት የሚሄደው መዝገብ የምስክሮችን ቃል፣ ሰነዶቹንና ብይኑን ይይዛል፤ አዛውንቱ ፈገግ ያሉበት ቀን ገጽ ላይ የተጻፈውም «የዐቃቤ ሕግ 2ኛ ምስክር ቃል ለተከሳሹ በድጋሚ ተነበበ» የሚል ነው።