ለልጃችሁ በክፍል ሰዓት አትደውሉ፦ ስለ ስልክ እገዳው የሚነገሩ ስህተቶች

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ ተማሪ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ስልክ እንዳይጠቀም በሕግ ተደንግጓል። ምሳ ሰዓትም፣ በክፍለ ጊዜ መሃል ያለውም ሰዓት ይጨምራል። አስተማሪ ስለሆንኩ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ ለቅሶ ቤት የማገኘው ሐበሻ ወላጅ ሁሉ ስለዚሁ ያነሳብኛል። ሰልችቶኛል፣ እውነቴን ነው።

"ስልክ ይዞ ከተገኘ ልጄን ያባርሩታል።" አያባርሩትም። ሕጉ ራሱ ይህ ብቻውን ለማገድም ለማባረርም ምክንያት እንዳይሆን ይከለክላል።

"ልጄ ስኳሩን የሚከታተለው በስልኩ ነው።" ለእሱማ ይፈቀዳል። የሐኪሙን ወረቀት ይዛችሁ ነርሷን አነጋግሩ።

"ስልኩ ከታገደ ልጄ ጎበዝ ይሆናል፣ ጭንቀቱም ይለቀዋል።" እሱም ተጋነነ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ከእገዳው ይበልጥ የተጠቀሙት ውጤታቸው ዝቅ ያለ ተማሪዎች መሆናቸውን አሳይቷል። በ2025 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ግን በአእምሮ ደህንነት በኩል ልዩነት አላገኘም፤ ልጆቹ በቀን ስልክ ላይ የሚያጠፉት ጠቅላላ ሰዓት ብዙም አልቀነሰማ። የማታውን የምትቆጣጠሩት እናንተ ናችሁ።

"አደጋ ቢመጣስ በምን አገኘዋለሁ?" የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ በዚህ አገር ትምህርት ቤት የሚሆነውን ተኩስ ሁላችንም እናያለን። ግን በሩ ተቆልፎ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ልጆቹ ግድግዳ ስር ተኮልኩለው ትንፋሻቸውን ውጠው ባሉበት ሰዓት የአንዱ ስልክ ቢጮህስ? ያሉበትን ያጋልጣል። ሁሉም ወላጅ ባንዴ ሲደውል ደግሞ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። በዚያች ደቂቃ ልጁ መስማት ያለበት አስተማሪውን ነው።

ደሞ የምትደውሉት ለአደጋ አይደለም። ከእገዳው በፊት አንዲት ተማሪዬ የሒሳብ ፈተና ላይ ስልኳ ደጋግሞ ነዘረ። ደንግጣ አየችው። እናቷ ናት፦ "ስትመጪ ሩዙን ጣጂው።" ከዚያ በኋላ ልጅቷ እርሳሷን ይዛ ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመች ስታነብ አየኋት።

አስቸኳይ ነገር ካለ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውሉ፣ ልጁን ጠርተው ያገናኟችኋል። "እንግሊዝኛዬ አይበቃም" ብላችሁ አትሸሹ። ለወላጅ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ በፌዴራል ሕግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ "አማሪክ" ማለት ይበቃል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩም እባካችሁ ለቢሮው አሳውቁ፣ ልጅ አተኩሶት ነርስ ክፍል ተኝቶ ፎርሙ ላይ ያለው ቁጥር የማይሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌሊት ሠርታችሁ ቀን የምትተኙ ከሆነ ደግሞ መኪና ያላትን አክስት ወይም ጎረቤት ስም አስጨምሩ፤ ፎርሙ ላይ ስሙ ለሌለ ሰው ልጅ አንሰጥም።