ሩዥ ምንድን ነው? ስቶ አንድ ነጥብ የሚያስገኘው የካናዳ ፉትቦል ሕግ

ኤድመንተን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትኬት ተርፎት ኮመንዌልዝ ስታዲየም ይዞኝ ሄደ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስለ ካናዳ ፉትቦል የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ሩብ ላይ የኛ ቡድን መቺ ኳሷን በሁለቱ ብረቶች መሃል ሊያሳልፍ ለጋት። በቀኝ በኩል ሳተች። እኔ “ኤጭ!” ብዬ ተቀመጥኩ። በዙሪያዬ ያለው ሕዝብ ግን ጭራሽ ብድግ አለ።

ከብረቶቹ ኋላ የቆመው የተጋጣሚ ተጫዋች ኳሷን ያዘ። ግራ ቀኝ አየ። ሁለት እርምጃ ሮጦ ሦስት ሰው ሲመጣበት ሲያይ ተንበረከከ። ሰሌዳው ላይ የኛ ነጥብ በአንድ ጨመረ።

“ስቶ ነጥብ ይሰጠዋል እንዴ?” አልኩት ባልደረባዬን። የቡናውን ክዳን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። “ይሄ ክዳን ኤንድ ዞኑ፣ ከጎል መስመሩ ኋላ ያለው ቦታ፣ ነው እንበል” አለኝ። “በእግር የተመታች ኳስ እዚህ ውስጥ ከገባች፣ ክዳኑን የሚጠብቀው ቡድን ይዟት መውጣት አለበት። ካልወጣ አንድ ነጥብ ይከፍላል።”

ሩዥ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ አንድ ነጥብ ያላወራሁት ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ልጻፈው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩን ትንሽ ላፍታታው። በካናዳ ፉትቦል ታችዳውን፣ ማለትም ኳሷን ይዞ የተጋጣሚው ኤንድ ዞን ውስጥ መግባት፣ 6 ነጥብ ነው፤ ፊልድ ጎል፣ ማለትም ኳሷን በእግር መትቶ በብረቶቹ መሃል ማሳለፍ፣ 3 ነጥብ ነው። ፊልድ ጎሉ ከተሳተ ወይም ቡድኑ ኳሷን ለማራቅ የመታት እንደሆነ፣ ማለትም ፓንት ካደረገ፣ ኳሷ የተጋጣሚው ኤንድ ዞን ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ያኔ ተጋጣሚው ይዟት ካልወጣ፣ የመታው ቡድን 1 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ኳሷ የምትሰጠው ነጥቡን ለከፈለው ቡድን ነው፤ ከራሱ ሜዳ ደህና ቦታ ላይ ሆኖ ማጥቃት ይጀምራል። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሩዥ ቀይ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲንግልም ይለዋል። እንግሊዝ አገር ኢተን ትምህርት ቤት በሚጫወቱት ጥንታዊ የሜዳ ጨዋታም ሩዥ የሚባል ነጥብ አለ። ቃሉ በእንዲህ ያለ መንገድ ተሻግሮ መጣ የሚሉ አሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ዕድሜው ነው። በ1909 ቶሮንቶ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የግሬይ ካፕ፣ ማለትም የካናዳ ፉትቦል ዋንጫ፣ ፍጻሜ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፓርክዴልን 26 ለ 6 ሲያሸንፍ፣ ሂው ጋል የተባለው ተጫዋች ብቻውን 8 ሩዥ አስቆጥሯል። ዋንጫው ራሱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይቺ ነጥብ አብራው አለች።

ሩዥን ለመረዳት ሜዳውን ማየት ያስፈልጋል። የአሜሪካኖቹን ሊግ ኤንኤፍኤልን በቴሌቪዥን ያየ ሰው የካናዳው ሊግ ሲኤፍኤል ያው ይመስለዋል። አይደለም። የካናዳው ሜዳ ርዝመቱ 110 ያርድ፣ ስፋቱ 65 ያርድ ነው። ኤንድ ዞኑ 20 ያርድ ይገባል፤ የአሜሪካኖቹ 10 ብቻ ነው። ብረቶቹ የቆሙት ጎል መስመሩ ላይ እንጂ ከኋላ አይደለም። በየቡድኑ የሚጫወተው 12 ሰው ነው። 10 ያርድ ለመግፋት የሚሰጠው ዕድል ሦስት ነው፤ እዚያ አራት ነው። ዕድሉ ሲያንስ በእግር መምታት ይበዛል። በእግር መምታት ሲበዛ ደግሞ ኳስ መላሹ፣ ሪተርነር የሚሉት፣ ትልቅ ሰው ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ኳስ መላሹ እጁን አውለብልቦ “አትንኩኝ፣ እዚሁ ይዣት ይብቃ” ማለት ይችላል። ካናዳ ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ኳሷን እስኪይዝ ድረስ አምስት ያርድ ያህል መተንፈሻ ይሰጡታል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእግሩ ጉዳይ ነው። ስለዚህ እዚህ ኳስ ስትመታ ጨዋታው አያልቅም፤ እንደገና ይጀምራል። ኤንድ ዞን ውስጥ ያለው ተጫዋች ከጠበበው ኳሷን በእግሩ መልሶ ሊለጋትም ይችላል። ተጋጣሚውም መልሶ ሊለጋት ይችላል። በመጨረሻው ሴኮንድ ላይ ኳስ በአየር ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ ያየ ሰው፣ የኛን አገር የሰፈር ኳስ ያስታውሳል።

እንግዲህ በዚያ 20 ያርድ ውስጥ የቆመውን ሰው ጭንቀት አስቡት። ተንበርክኮ አንድ ነጥብ ቢከፍል፣ ቡድኑ ኳሷን ደህና ቦታ ላይ ያገኛል። ሮጦ ቢወጣ ነጥቡን ያድናል፤ ግን ሁለት ያርድ ላይ ቢጥሉት ቡድኑ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀራል። የትኛው ይሻላል? መልሱ በሰዓቱና በውጤቱ ይወሰናል። ለማሰብ ያለው ጊዜ ደግሞ ኳሷ አየር ላይ ያለችበት ያህል ብቻ ነው።

ይሄን ከ1994ቱ የግሬይ ካፕ ፍጻሜ የበለጠ የሚያሳይ ጨዋታ አላውቅም። ሊጉ ያኔ ወደ አሜሪካ ከተሞች ተስፋፍቶ ነበር። ለፍጻሜ የደረሱት ቫንኩቨር ያለው ቢሲ ላየንስና የአሜሪካው ባልቲሞር ናቸው። የአሜሪካ ቡድኖች የካናዳ ተወላጅ ተጫዋች የማሰለፍ ግዴታ አልነበረባቸውም። ካናዳውያን ዋንጫችን ድንበር ሊሻገር ነው ብለው ሰግተዋል። ጨዋታው ቫንኩቨር፣ ቢሲ ፕሌስ ውስጥ ነው። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው 23 እኩል ናቸው።

የላየንሱ መቺ ሉዊ ፓሳግሊያ ነው። የቫንኩቨር ልጅ፣ ዕድሜው 40። ፊልድ ጎል ሞከረ። ሳተ። ኳሷ ግን ኤንድ ዞን ውስጥ ናት። የባልቲሞሩ ሰው ቢንበረከክ 24 ለ 23 ይሆናል፣ ሰዓቱም የለም። ስለዚህ መሮጥ ግዱ ነው። ሮጠ፤ ወጣም። ግን ሁለት ያርድ መስመር ላይ ጣሉት። አንድ ነጥብ አዳነ፣ ቡድኑን ግን ማዕዘን ውስጥ ከተተው። ባልቲሞር ከዚያ መንቀሳቀስ አቅቶት ኳሷን መትቶ ለማራቅ ተገደደ። ላየንስ በቅርብ ቦታ ተረከበ። በመጨረሻዋ ቅጽበት ያው ፓሳግሊያ ከ38 ያርድ መታና አስገባ። 26 ለ 23።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ምት ነው። እኔ የማስታውሰው ግን የሳተውን ነው። ሩዥ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ የባልቲሞሩ ተጫዋች ተንበርክኮ ኳሷን ያለ ምንም ዋጋ ይወስዳት ነበር። ዋንጫውን የወሰነችው ያልተቆጠረችው አንድ ነጥብ ናት። ባልቲሞር በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ዋንጫውን ወሰደ፤ እስከ ዛሬ ይሄን ያደረገ ሌላ የአሜሪካ ቡድን የለም።

ፓሳግሊያን ካነሳሁ አይቀር አንድ ቃል ልበል። ለአንድ ቡድን 25 የውድድር ዘመን ተጫወተ፣ ከ1976 እስከ 2000። 3,991 ነጥብ አስቆጠረ። ከነዚህ ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆኑት ሩዥ ናቸው። ስለ ሊጉ ታላላቆች ሲወራ የሚጠሩት ኳርተርባኮቹ፣ ኳሷን እየወረወሩ ማጥቃቱን የሚመሩት፣ ናቸው። ለኔ ግን የካናዳን ፉትቦል ጠባይ እንደ እሱ የያዘ ተጫዋች የለም። ፓንትም ፊልድ ጎልም ብቻውን ይመታ ነበር፤ ኳሷን የት ማሳረፍ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነበር። ማዕዘን ላይ ማሳረፍ፣ ኤንድ ዞን ውስጥ ጠልቃ እንድትቀር ማድረግ፣ ይሄ ሁሉ ጥበብ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ የኛው የኤድመንተኑ ሄንሪ “ጊዝሞ” ዊሊያምስ አለ። አጭር ሰው ነው፤ ሲሮጥ ግን የሚይዘው የለም። በ1987 ፍጻሜ ቶሮንቶ ፊልድ ጎል ሳተ። ጊዝሞ ኤንድ ዞኑ ውስጥ አምስት ያርድ ገብቶ ኳሷን ያዘ። አንድ ነጥብ ከፍሎ መንበርከክ ይችል ነበር። አልተንበረከከም። 115 ያርድ ሮጦ ታችዳውን አስቆጠረ። ኤድመንተን 38 ለ 36 አሸነፈ። ልዩነቷን ልብ በሉ፣ ሁለት ነጥብ ናት። እዚህ ከተማ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ስለዚያ ሩጫ ሲያወሩ ዛሬም እጃቸው ይንቀሳቀሳል። ጊዝሞ በዘመኑ 26 ጊዜ ፓንት መልሶ ታችዳውን አግብቷል።

ሩዥን የሚነቅፉ ሰዎች “ለስህተት ሽልማት ነው” ይላሉ። መጀመሪያ ቀን እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። ግማሹ ነቀፋ እውነት አለው። ኳሷ ተስታ ማንም ሳይነካት በኤንድ ዞኑ አልፋ ከሜዳ ስትወጣም ነጥብ ይሰጥ ነበር። ያ ለኔም ደስ አይለኝም። የሚሮጥ የለም፣ የሚጨነቅ የለም፣ የሚወስን የለም። በእኩል ውጤት ላይ ያለ ቡድን ኳሷን ከሜዳ አስወጥቶ በአንድ ነጥብ ሲያሸንፍ ማየት ሆድ ያስብሳል።

ሊጉም ይሄንን አየ። በመስከረም 2025 ኮሚሽነሩ ስቱዋርት ጆንስተን ለውጦች ይፋ አደረገ። ከ2026 ጀምሮ ማንም ሳይነካት አልፋ ለወጣች ኳስ ሩዥ የለም፤ ተጋጣሚው ኤንድ ዞን ውስጥ ሲቀር ብቻ ነው ነጥብ የሚሰጠው። ይሄን ለውጥ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ሩዥን አልገደሉትም፣ አጸዱት።

የማልደግፈው ለ2027 የታቀደውን ነው። ሜዳው ወደ 100 ያርድ ያጥራል። ኤንድ ዞኑ ከ20 ወደ 15 ይቀነሳል። ብረቶቹ ከጎል መስመሩ ተነስተው ወደ ኋላ ጫፍ ይሄዳሉ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ታችዳውን እንዲበዛ፣ ኳርተርባኩም ሲወረውር ብረት እንዳይከልለው ይፈልጋሉ። ግን አስቡት። ብረቶቹ ኋላ ጫፍ ላይ ከቆሙ፣ በጎናቸው አልፋ የሳተች ኳስ ከሜዳ ወጣች ማለት ነው። በአዲሱ ሕግ ደግሞ ለወጣች ኳስ ምንም የለም። አጥራ ካልወደቀች በቀር የሚይዛት ሰው የለም፤ የሚሮጥም የለም። የጊዝሞ 115 ያርድ እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ከወዴት ይመጣል? አንደኛው ለውጥ ሩዥን አጸዳው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚፈጠርበትን ቦታ ይወስድበታል።

በዚህ የተከፋሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ናታን ሩርክ፣ የላየንሱ ካናዳዊ ኳርተርባክ፣ ለውጡ እንደወጣ ተቃውሞውን በአደባባይ ተናግሯል። ታችዳውን ቢበዛ የሚጠቀመው ኳርተርባክ ነው። እሱ ግን ጨዋታው የካናዳ ሆኖ እንዲቀር ቆመ። ለዚህ ልጅ ያለኝ አክብሮት በዚያ ቀን እጥፍ ሆነ።

ስታዲየም መሄድ ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እዚህ አልበርታ ያላችሁ ሐበሾች በተለይ። ሰው ሁሉ የሚሻማው መሃል ሜዳ ላይ ያለውን ወንበር ነው። እናንተ ከኤንድ ዞኑ ጀርባ ቁረጡ፤ ዋጋውም ይቀላል። ኳስ ተመትታ ስትመጣ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ኳስ መላሹን እዩት። ኳሷን ብቻ እያየ አይደለም የሚቆመው፤ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደሚመጡበት ሰዎች፣ አንድ ጊዜ ከእግሩ ሥር ወዳለው መስመር ያያል። ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል። ከእኛ ወንበር ሆኖ ሊንበረከክ ይሁን ሊሮጥ አይታወቅም። እስኪታወቅ ድረስ ስታዲየሙ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል።