የኔትወርክ ካርድ ድራይቨርን ከተርሚናል ማስተካከል፤ ጅማ ላይ

ኔትወርክ ካርድ ኮምፒውተርን ከኬብል ወይም ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ ነው። ድራይቨር ደግሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር ነው። ድራይቨሩ ካልተጫነ ካርዱ ጤነኛ ቢሆንም ኔትወርክ የለም። ጅማ ላይ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያም ሆነ ወደ መርካቶ ባሉ የኮምፒውተር ቤቶች «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ብሎ ለመጣ ሰው ቶሎ የሚታሰበው ፎርማት ነው። ይህ ያሳዝናል። የመመረቂያ ጽሑፍ የተቀመጠበት ላፕቶፕ ለአንድ ድራይቨር ተብሎ መጥፋት የለበትም። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ተከፍቶ ሁለት ሦስት ትዕዛዝ ቢጻፍ ችግሩ የት እንዳለ ማሽኑ ራሱ ይናገራል።

ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቀድሞ የሚጻፈው ማሽኑ ውስጥ ያሉትን ካርዶች የሚዘረዝረው «ኤልኤስፒሲአይ» ነው። «ሰረዝ ኬ» ሲጨመርበት ካርዱ የማን ሥሪት እንደሆነና የትኛው ድራይቨር እንደያዘው ያሳያል። ብዙ ዴስክቶፕ ላይ ያለው የሪልቴክ ጊጋቢት ካርድ በ«አር8169» ይሠራል። የኢንቴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በ«ኢ1000ኢ»፣ ብዙዎቹ የብሮድኮም ጊጋቢት ካርዶች ደግሞ በ«ቲጂ3»። ካርዱ በዝርዝሩ ኖሮ የድራይቨሩ መስመር ከሌለ ጉዳዩ የሶፍትዌር ነው። ካርዱ ጭራሽ ከዝርዝሩ ከጠፋ ግን ወይ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ሶፍትዌር) ላይ ተዘግቷል፣ ወይ ተቃጥሏል።

ይህን መለየት ለጅማ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡ ረጅም ነው፣ መብረቅም አለ። ከሕንፃ ሕንፃ በተዘረጋ የመዳብ ኬብል የሚገባ ኃይል የስዊቹን (ኬብሎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን) ፖርትና ካርዱን አብሮ ሊያቃጥል ይችላል። አንዳንዴ ቺፑ በዝርዝሩ ይታያል፤ ኬብል ሲሰካበት ግን ምንም አይሰማም። የካርዱን ሁኔታ በሚያሳየው «ኢትቱል» ትዕዛዝ ላይ «ሊንክ ዲቴክትድ» (መስመር ተገኝቷል) ከሚለው ፊት «ኖ» ይላል። ኬብሉና ፖርቱ ተቀይረው መልሱ ያው ከሆነ ድራይቨር ላይ መድከም ዋጋ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተር መግዛት ይሻላል።

የሊኑክስ ድራይቨሮች አብዛኞቹ ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) ጋር አብረው ይመጣሉ። «ሞድፕሮብ» ይጭናል፣ «ሞድፕሮብ ሰረዝ አር» ያወጣል፤ ሁለቱም ከፊታቸው የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠውን «ሱዶ» ይፈልጋሉ። ደርቆ የቀረ ካርድ ድራይቨሩ ወጥቶ ሲገባ ብዙ ጊዜ ያለ ሪስታርት ይነሳል። ዋናው ግቢ ተቀምጦ ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሌላ ግቢ ያለ ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች (ማሽንን ከሩቅ በኔትወርክ ማዘዣ) የሚሠራ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ድራይቨሩን ባወጣበት ቅጽበት መስመሩ ይቆረጣል፣ መልሶ የሚጭንበትም መንገድ የለውም። ማውጫውና መጫኛው በአንድ መስመር ተያይዘው ይጻፉ። ድራይቨሩ የሚቀበላቸውን አማራጮች «ሞድኢንፎ» ይዘረዝራል። በቋሚነት እንዲሠሩ የሚጻፉት «ኢቲሲ» ሥር ባለው «ሞድፕሮብ ዶት ዲ» ፎልደር ነው።

ድሮ የለመደ ሰው «ኢፍኮንፊግ» የሚለውን የኔትወርክ ትዕዛዝና «ኢትዜሮ» የሚለውን የካርድ ስም ይፈልጋል። ዛሬ ሥራው የ«አይፒ» ትዕዛዝ ነው፤ የካርዱ ስምም ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በብዙ ሲስተሞች «ኢኤንፒ3ኤስ0» ዓይነት ሆኗል።

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው የፍጥነት ነገር ነው። ጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይጠቀማል። 100 ሜጋቢት ግን ሁለት ጥንድ ይበቃዋል። በር ሥር እየተጨፈለቀ የኖረ ኬብል አንድ ጥንዱ ሲላላ መስመሩ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም ወደ 100 ይወርዳል። «ኢትቱል» ፍጥነቱን ያሳያል፣ ማስተካከልም ይቻልበታል። እዚህ ላይ ብዙዎች አንዱን ጫፍ ብቻ «100 ፉል ዱፕሌክስ» (በ100 ሜጋቢት፣ መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ) ብለው ያስገድዳሉ። ይህ አጉል ነው። ፍጥነቱን በራሱ የሚደራደረው ሌላኛው ጫፍ መልስ ሲያጣ ወደ ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ መላክና መቀበል) ይወርዳል። ፒንግ (መስመር መኖሩን መፈተሻው ትዕዛዝ) ይሠራል፣ ፋይል ግን እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። ወይ ሁለቱም ጫፍ ይገደድ፣ ወይ ሁለቱም ለድርድር ይተው። ያለ በቂ ምክንያት ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። በ«ኢትቱል» የተቀየረ ነገር ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር እንደገና ላለመጻፍ የኔትወርክ ቅንብሩን በሚይዘው ኔትወርክ ማናጀር ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፓወርሼል የሚባለው ትዕዛዝ መጻፊያ ተከፍቶ «ጌት ኔትአዳፕተር» ሲባል ካርዶቹ ከነፍጥነታቸው ይዘረዘራሉ። ድራይቨር ከፍላሽ ለመጫን «ፒኤንፒዩቲል» አለ።

የቀረው የዋይፋይ ጣጣ ነው። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች ከድራይቨሩ ሌላ ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራ ፋየርዌር የሚባል ፋይል ይፈልጋሉ፤ በ«ቢ43» ድራይቨር የሚሠሩት አሮጌ የብሮድኮም ካርዶች ለዚህ የታወቁ ናቸው። ፋይሉ ሲጠፋ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየው «ዲሜስግ» በስሙ ጠርቶ ይናገራል። ግን ኔትወርክ ከሌለ ከየት ይወርዳል? አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ይሰካና ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያ) ይከፈታል። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል፣ ለዚህ የሚሆነው ድራይቨር ከከርነሉ ጋር የመጣ ነውና። ፋየርዌሩ ከገባ በኋላ የዋይፋዩን ድራይቨር አውጥቶ መልሶ መጫን ይበቃል። «ዲሜስግ» እንደገና ሲታይ የጠፋው ፋይል ስሞታ ከሌለና «አይፒ ሊንክ» ላይ አዲስ ስም ከተጨመረ ካርዱ ሥራ ጀምሯል።