ቡፌ ዘይት አይቀባም፦ ስለ ላከርና ቫርኒሽ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ቤት ዕቃ ጽዳት ከሰው ሰው የሚተላለፍ ምክር ብዙ ነው። በቅንነት ይነገራል፤ ግን ስንት ብር የወጣበትን ቡፌ ያበላሻል። መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ላከር ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ዕቃ ስትወለውሉ እጃችሁ የሚነካው እንጨቱን ሳይሆን ላዩ ላይ የደረቀውን ስስ ሽፋን ነው።

«እንጨቱ እንዳይደርቅ ዘይት ቀቢው።» መክተፊያ ከሆነ እሺ፣ ያልተቀባ እንጨት ዘይት ይጠጣል። ላከር ላይ ግን ዘይቱ መግቢያ የለውም። ለአንድ ቀን ያብረቀርቅና አቧራ እየሰበሰበ ይጣበቃል፤ የምግብ ዘይት ከሆነ ደግሞ ውሎ አድሮ ይሸታል።

«በሳኒታይዘር ወይም በመስታወት ማጽጃ ይበልጥ ይጠራል።» አልኮል ላከርን ሊያለሰልስ ይችላል። ብዙ የመስታወት ማጽጃ ውስጥ ያለው አሞኒያ ደግሞ ያደበዝዘዋል። በረኪናም አይድረስበት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያማ አንድ ጠብታው ላከሩን ለማበላሸት ይበቃል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ በደንብ የተጨመቀ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፤ አለቀ። የእጣን ጭስ ያለበሰውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ይለቃል።

«አቧራ በደረቅ ጨርቅ ነው።» አቧራው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። በደረቁ ስታሹት ይጭራል። ጨርቁን ትንሽ አርጥቡት።

«ላስቲክ ካለበስነው አይጎዳም።» እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ሰው ላስቲክ የሚያነጥፈው ዕቃውን ስለሚሳሳለት ነው። ለስላሳ ላስቲክ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው ኬሚካል ቀስ በቀስ እየወጣ ላከሩን ያለሰልሰዋል፣ ሙቀት ካለ ደግሞ ይፈጥናል፤ ከወራት በኋላ ላስቲኩን ስታነሱ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፣ ሲላቀቅም የአበባው ቅርጽ ጠረጴዛው ላይ ታትሞ ይቀራል። የዲኮደር የጎማ እግርም እንደዚያው ነው። ዳንቴል ወይም ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ከስር አድርጉ። ዕቃው አዲስ ከሆነ ደግሞ የላከሩ ሽታ እስኪጠፋ ምንም አታልብሱት፤ እየሸተተ ከሆነ ገና እየደረቀ ነው።

«ነጭ ክብ ከወጣበት እንጨቱ ተቃጥሏል።» ብዙ ጊዜ አልተቃጠለም። ትኩስ ስኒ ሲቀመጥበት እርጥበት ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ይታፈናል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ጥቂት ቀን ተዉት፣ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ካልጠፋ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ራቅ አድርጋችሁና አንድ ቦታ ሳታቆሙ ሞክሩ። በጥርስ ሳሙና አትሹት፤ ውስጡ የሚፈቅ ነገር ስላለ ነጩን ቢያስለቅቅም ማብረቅረቁን አብሮ ይወስደዋል። ምልክቱ ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው እንጨቱ ጋ ደርሷል ማለት ነው፣ ባለሙያ ይየው።

«የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ ሁሉ ጥሩ ነው።» ብዙዎቹ የሚያብረቀርቁት በሲሊኮን ነው። ዕቃው አንድ ቀን እንደገና ላከር ሲረጭ፣ ሲሊኮን የቀረበት ቦታ ላከሩን አልይዝ ይልና ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ይወጡበታል። ለማሳደስ ስትሰጡት ስፕሬይ ስትነፉበት እንደነበር ለሠራተኛው ቀድማችሁ ንገሩት፤ ሳይረጭ በፊት አጽድቶ ማዳን ይችላል።