ስለ መኪና ኤሌክትሪክ ፋን የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ያ ጀመዓ ከኮምቦልቻ ደሴ የተመላለሰ ሰው ሐረጎ ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ሳያይ አይቀርም። ሹፌሩ ጀሪካን ይዞ ውሃ ይፈልጋል፣ የሚያልፈው ሁሉ ደግሞ "ትልቅ ፋን አስገጥምለት" ብሎ መክሮ ይሄዳል። ምክሩ አንዳንዴ ልክ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ሰው ብሩን ያወጣና መኪናው እዛው ኩርባ ላይ ተመልሶ ይፈላል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥም መንገድ ላይም ደጋግመው የሚባሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

"መኪናው ከሞቀ ፋኑ ደክሟል ማለት ነው።"

እንደዛ አይደለም። መጀመሪያ መቼ ነው የሚሞቀው የሚለውን እዩ። የፋን ስራ መኪናው ቆሞ ወይ ቀስ እያለ ንፋስ ሲያጣ በራዲያተሩ ውስጥ አየር መሳብ ነው፣ በሰዓት ከ50 ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዱ ግን ከፊት የሚገባው ንፋስ ራሱ አብዛኛውን ስራ ይሰራል። ደሴ ሰኞ ገበያ በኩል በባጃጅ መሃል እየተጎተታችሁ የሙቀት ጌጁ ወጥቶ መንገዱ ሲለቀቅ የሚወርድ ከሆነ አዎ ፋኑን ጠርጥሩ። ከባቲ ወደ ሚሌ ሜዳውን በ90 እየሄዳችሁ የሚሞቅ ከሆነ ግን ፋን ብትቀይሩም ምንም አይለወጥም፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) በደንብ አይከፈትም ወይ የውሃ ፓምፑ ደክሟል ወይ ደግሞ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሄዷል። ሐረጎ ሁለቱንም የሚፈትን ቦታ ነው፣ ጭነት ይዛችሁ በሁለተኛ ማርሽ በ25 ስትወጡ ሞተሩ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው ንፋሱ ግን የለም፣ እዛ ጋ ደካማ ፋንም የተደፈነ ራዲያተርም እኩል ይጋለጣሉ።

የተደፈነ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ከወንዝ፣ ከቦይ፣ ካገኙበት እየቀዱ ውሃ ሲሞሉበት የኖረ ራዲያተር ሲፈታ እዩት፣ ከታችኛው ቱቦ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ነው የሚወጣው፣ ቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ደግሞ በኖራና በዝገት ተዘግተው ግማሹ ጎን ሲዳሰስ ቀዝቃዛ ነው። ከውጭም በመኸር ሰሞን ገለባውና አቧራው በክንፎቹ መሃል ይሰገሰጋል፣ ኤሲ ያለው መኪና ላይ ደግሞ በኮንደንሰሩና (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲው ማቀዝቀዣ) በራዲያተሩ መሃል ስለሚጠራቀም ከፊት ብታዩት ንጹህ ይመስላል። በዚህ ላይ ፋን መጨመር ብር ማባከን ነው። መጀመሪያ አስጠርጉት፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በውሃ አሳጥቡት፣ ከዛ ኩላንት አድርጉበት።

"ትልቅ ሲኤፍኤም የተጻፈበት ፋን ይሻላል።"

ሲኤፍኤም ማለት ፋኑ በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው አየር መጠን ነው፣ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ፊቱ ምንም ነገር ሳይኖር የተለካ ነው። ራዲያተርና ኮንደንሰር ሲቀመጥበት ቁጥሩ በጣም ይወርዳል፣ ደካማ ሞተር ያለው ፋን ደግሞ ከሁሉም በላይ ይወርዳል። እኔ ከካርቶኑ ቁጥር ይልቅ የሚስበውን አምፔር ነው የማየው። በ12 ቮልት 7 አምፔር የሚስብ ፋን 84 ዋት ነው፣ 25 አምፔር የሚስበው 300 ዋት ነው፣ ሁለቱ ካርቶን ላይ ተቀራራቢ ሲኤፍኤም ቢጻፍባቸው እንኳን አንድ አይነት ስራ ሊሰሩ አይችሉም። ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ያው ፋን በዛው ፍጥነት ዞሮ የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንሳል፣ የሚወስደው ሙቀትም እንደዛው። ለእኛ አገር ስትገዙ ትንሽ ትርፍ ያለው ያዙ።

"ፋኑ ካለ ሽራውድ አያስፈልግም።"

ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ። ሽራውድ ማለት ፋኑን ከራዲያተሩ ጋር የሚያገናኘው የፕላስቲክ ወይ የላሜራ ሽፋን ነው፣ እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው ፊት ለፊቱ ካለችው ክብ ብቻ ነው፣ የራዲያተሩ ጥግና ጥጉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዳንድ ቦታ ሽራውዱን አውጥተው ጥለው ፋኑን በፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲያተሩ ክንፎች መሃል አሳልፈው ያስሩታል፣ የኛ መንገድ ንዝረት ተጨምሮበት ከጊዜ በኋላ ማሰሪያው ቱቦውን ይፈገፍግና ራዲያተሩ ያፈሳል። ሽራውድ አሰሩለት፣ ላሜራ ሰሪ ጋ ሄዳችሁ እንኳን ማሰራት ትችላላችሁ፣ የፋኑ ክንፍ ከራዲያተሩ ሁለት ሶስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

ቦታው ካለ ደግሞ ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ በሞተሩ በኩል ሆኖ የሚስብ ይሁን፣ ከፊት ሆኖ የሚገፋው ራሱ የሚገባውን ንፋስ ይጋርዳል። ሽቦው ተገልብጦ ከተገጠመ ፋኑ ይዞራል ግን ወደ ፊት ይነፋል፣ ስትነዱ ከንፋሱ ጋር ይጋፋል፣ ሰው ግን ሲዞር ስላየው ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። አንድ ወረቀት ከፊት ግሪሉ ላይ ያዙ፣ ከለጠፈ ልክ ነው፣ ከገፋው ተገልብጧል።

"ዳይሬክት (ያለ ሴንሰር) አድርገው፣ ሁሌ ይዙር፣ ቴርሞስታቱንም አውጣው።"

ይሄ ምክር ስንቱን መኪና እንደጎዳ። ሞተር የሚሰራበት ሙቀት አለው፣ አብዛኛው ቴርሞስታት ከ82 እስከ 88 ዲግሪ አካባቢ ነው መከፈት የሚጀምረው። ጠዋት በደሴ ብርድ ሁሌ የሚዞር ፋንና የወጣ ቴርሞስታት ያለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም በደንብ አይሰራም፣ የፋኑ ሞተርም ያለ ስራ ዞሮ ያልቃል። ቶዮታን ጨምሮ ብዙ ሞተር ላይ ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ባይፓሱን (ውሃው ራዲያተር ሳይገባ የሚመለስበትን መንገድ) የሚዘጋው ቴርሞስታቱ ነው፣ ስታወጡት የውሃው ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ ተመልሶ ሞተር ይገባል፣ ስለዚህ ዳገት ላይ እንደውም ይብስበታል። ፋኑ በሴንሰር ይስራ፣ የሚነሳበት ሙቀት ከቴርሞስታቱ ከፍ ያለ ይሁን፣ ለምሳሌ ቴርሞስታቱ 82 ከሆነ ፋኑ 92 ላይ ተነስቶ 87 ላይ ቢቆም ጥሩ ነው። በእጅ የሚበራ ማብሪያ ለመጠባበቂያ ካልሆነ አልመክርም፣ ሰው ይረሳል።

"ሽቦ ሽቦ ነው።"

አይደለም። ፋን ሲነሳ ለትንሽ ሰከንድ ከተለመደው ሁለት ሶስት እጥፍ አምፔር ይስባል፣ ይሄን በዳሽቦርድ ማብሪያ በቀጭን ሽቦ ካሳለፋችሁት ማብሪያው ይቀልጣል። የሚያስፈልገው ሪሌ (ከባዱን አምፔር በማብሪያው ፈንታ የሚያሳልፍ)፣ ለፋኑ የሚሆን ፊውዝ፣ ወፍራም ሽቦ፣ ንጹህ ማሳ (ወደ ቦዲው የሚታሰረው ኔጌቲቭ) ነው። ሞተሩ ተነስቶ ፋኑ እየዞረ ሶኬቱ ላይ ቮልት አስለኩ፣ 13 እና ከዛ በላይ ካገኛችሁ አብሽሩ፣ 11 ከሆነ ግን መጀመሪያ ሽቦውንና ማሳውን ከዛ ዲናሞውን አሳዩ፣ ደካማ የተባለው ፋን ምናልባት ተርቦ ነው። ዲናሞውንም አስቡ፣ 50 አምፔር የሚሰጥ የድሮ ዲናሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከዛ በጣም ያነሰ ነው የሚሰጠው፣ ሁለት ትልቅ ፋን ጭናችሁበት ማታ መብራት ካበራችሁ ባትሪው ነው የሚያልቀው።

"ኤሌክትሪክ ፋን ሁሌም ከቺንጋው (በሞተሩ ቀበቶ ከሚዞረው) ፋን ይሻላል።"

ለቪትዝ ለኮሮላ ጥያቄ የለውም፣ ከፋብሪካም ይዘውት ነው የሚመጡት። ነዳጅ የሚቆጥበውም ብዙውን ሰዓት ጠፍቶ ስለሚሄድ ነው እንጂ ኤሌክትሪኩ በነጻ ስለሚመጣ አይደለም፣ እሱም ከሞተሩ ነው የሚመጣው። ጭነት ለሚይዝ ለአይሱዙ፣ ለድሮ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ግን በሞተሩ የሚዞረው ትልቅ ፋን ዳገት ላይ የሚያንቀሳቅሰውን አየር ገበያ ላይ ያለ ተራ ኤሌክትሪክ ፋን አይተካውም። ፋኑ ክላች (ሲሞቅ የሚይዝ፣ ሲበርድ የሚለቅ መያዣ) ያለው ከሆነ ክላቹን አሳዩ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑ በእጅ ሲገፋ ያለ ምንም መያዝ ዞሮ ዞሮ ከሄደ ውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል፣ እሱ ነው የሚቀየረው። ኤሌክትሪክ ፋን ላይ ግን እጃችሁን አታስገቡ፣ ሞተሩ ጠፍቶም በሴንሰር ሊነሳ ይችላል፣ ጠፍቶ ትንሽ ቢዞርም ብዙ መኪና ላይ ብልሽት አይደለም።

የመጨረሻው "የራዲያተር ክዳን ምን ያደርጋል" የሚሉት ነው። ደሴ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጤነኛ ክዳን፣ 0.9 የተጻፈበት፣ ግፊቱን ይዞ ይሄን ወደ 114 ያደርሰዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ከሆነ ግን የትኛውም ፋን ቢገጠም ፋኑ ሊነሳ በሚገባው ሙቀት ላይ ውሃው ቀድሞ ፈልቶ ይወጣል። ፋን ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ፣ ከፋን በጣም ይረክሳል። ሲፈላባችሁም አትክፈቱት፣ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚመጣው፣ ጠፍቶ በደንብ ይብረድ፣ ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አትድፉ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል።