«ጥሎ ማለፉ አልቆ ሩብ ፍጻሜ ገባን» ይባላል እንዴ?

ሰፈራችን ያለ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቅላል። ሰሞኑን በጠመኔ «ዛሬ ምሽት 4:00፤ ጥሎማለፍ አልቆ ሩብ ፍፃሜ ተጀመረ» ብሎ ጽፎ ነበር። አንድ መስመር ነች፣ ግን ስለ ኳስ ውድድር አጠራር የምንሳሳተው አብዛኛው ነገር እሷ ውስጥ አለ።

«ጥሎ ማለፍ ከሩብ ፍጻሜ በፊት ያለው ዙር ነው»

አይደለም። ቃሉን ስትሰሙት የትግል ነገር ነው፦ ተጋጣሚህን ትጥላለህ፣ ታልፋለህ፤ የወደቀው ሻንጣውን ይሸክፋል። ይህ ደግሞ የምድብ ጨዋታ ካለቀ ጀምሮ ዋንጫው እስኪነሣ አይቆምም። ሩብ ፍጻሜውም፣ ግማሽ ፍጻሜውም፣ ፍጻሜውም ጥሎ ማለፍ ናቸው። ስህተቱ የመጣው 16 ቡድኖች የሚገናኙበት ዙር እንደ «ሩብ» እና «ግማሽ» የራሱ ስም ስላጣ ይመስለኛል፤ ስም ያጣውን በአባቱ ስም ጠራነው። 48 ቡድኖች በሚሳተፉበት አዲሱ የዓለም ዋንጫ ከምድብ የሚያልፉት 32 ስለሆኑ፣ ከሩብ ፍጻሜ በፊት ሁለት ዙር አለ። ታዲያ «ጥሎ ማለፉ» የትኛው ሊሆን ነው? «32ቱ»፣ «16ቱ» ብንል ይገላግለናል።

«ያለፈ ሁሉ ጥሎ ነው»

የራሳችንን ታሪክ ብናይ ይበቃል። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ የተመደበችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ወጣች፤ እኛም ኳስ ሳንነካ ፍጻሜ ደረስን። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4ለ0 አሸነፈችን። በፎርፌ ማለፍ እንግዲህ ማለፍ ነው፣ ጥሎ ግን አይደለም።

«ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ ውድድሩ ተጋምሷል»

«ግማሽ» የሚለው የውድድሩን ዕድሜ አይለካም። ፍጻሜው አንድ ጨዋታ ነው፤ ከእሱ በፊት ያሉት ሁለት ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው የፍጻሜውን አንድ ጎን፣ ግማሹን፣ ያወጣሉ። አራቱ ደግሞ ሩብ ሩቡን። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ስናነሣ ተሳታፊዎቹ አራት አገሮች ብቻ ስለነበሩ ውድድሩ የተጀመረው ከግማሽ ፍጻሜ ነው፤ ቱኒዚያን 4ለ2፣ ከዚያ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4ለ2። ሁለት ጨዋታ፣ አንድ ዋንጫ።

«ዋንጫ ካለ የፍጻሜ ጨዋታ አለ»

ይህችን የምወዳት ምስክሩ አዲስ አበባ ስታዲየም ስለሆነ ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ስናስተናግድ (እኛ ከምድባችን አላለፍንም) የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ጥለው አላለፉም፤ እንደገና በአንድ ምድብ ገብተው እርስ በርስ ተጋጠሙ፦ ሞሮኮ፣ ጊኒ፣ ናይጄሪያ፣ ግብፅ። በዚያ ዘመን ማሸነፍ 2 ነጥብ፣ አቻ መውጣት 1 ነጥብ ያሰጥ ነበር። ወደ መጨረሻው ጨዋታ ሲገቡ ሞሮኮ 4፣ ጊኒ 3 ነጥብ ይዘዋል። ጊኒ ቀድማ አገባች፤ ውጤቱ እንዲያ ቢያልቅ ዋንጫው የእሷ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ሞሮኮ አስተካከለች፣ 1ለ1። አቻ ወጥታ ሻምፒዮን ሆነች። «የ1968ቱ ፍጻሜ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስታዩ እንግዲህ ያልነበረ ጨዋታ እየተረከላችሁ ነው።

«በመለያ ምት ያሸነፈ ጨዋታውን አሸንፏል»

ጨዋታው በመዝገብ ላይ አቻ ሆኖ ይቀራል። መለያ ምት ማን እንደሚያልፍ፣ ወይም ዋንጫውን ማን እንደሚወስድ ብቻ ይወስናል።

«እንዴት ብትጽፈው ያው ነው»

ሲነበብስ ያው ነው። ግን «ፍጻሜ» የግእዙ «ፈጸመ» ልጅ ነው፤ ጸሎቱ «ጸ» ይገባዋል፣ የፀሐዩ «ፀ» አይደለም። «ጥሎ ማለፍ» ደግሞ ሁለት ቃል ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ለብዙ ሰው ሲሆን «ጥለው አለፉ» እንላለን፣ ሁለቱም ይለወጣሉ። ተጣብቆ አንድ የሆነ ቃል እንዲህ መሀል ወገቡ ላይ አይታጠፍም። ይህን ለዲኤስቲቪ ቤቱ አስተናጋጅ ሳስረዳው ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ «ምሽት 4:00 ኳስ አለ» ብሎ ጻፈና ገላገለኝ።

«ዙር ዙር ነው፣ ሳምንትም ሳምንት ነው»

በዋንጫ ውድድር «ሁለተኛ ዙር» ማለት የመጀመሪያውን ያለፉት የሚገናኙበት ደረጃ ነው። በሊግ ግን የደርሶ መልሱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። 16 ክለቦች ያሉት ሊግ በአንደኛው ዙር 15 ሳምንት፣ በሁለተኛው 15 ሳምንት፣ በድምሩ 240 ጨዋታ ያደርጋል። እነዚያው 16 ክለቦች በጥሎ ማለፍ ቢገናኙ አንዱ እስኪቀር 15ቱ መውደቅ ስላለባቸው 15 ጨዋታ ይበቃል። «ሳምንቱ» ደግሞ ከሰኞ እስከ እሑድ አይደለም፤ የጨዋታ ተራ ቁጥር ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት «ሳምንት» ሊደረግ ይችላል፤ የ9ኛው ሳምንት ተስተካካይ (በጊዜው ሳይደረግ የተላለፈ) ጨዋታም 14ኛው ካለቀ በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔም ስሙ የ9ኛ ሳምንት ጨዋታ ነው።